ቀፎው ከምን ይሠራ?

መድረክ ላይ የቆመ ድምፃዊ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የራሱን ድምፅ መስማት ነው። ከበሮው፣ ቤዙና ኪቦርዱ በአንድ ላይ ሲነሡ ራሱን መስማት ያቃተው ሰው ይጮኻል፤ ሲጮኽ ቅኝቱን ይስታል፣ ጉሮሮውም ይደክማል። ለዚህ ሲባል ወደ እሱ የዞረ ስፒከር እግሩ ሥር ይቀመጥለታል። ይህ ስፒከር ግን የመድረኩን ጩኸት ይጨምራል፣ ድምፁ ወደ ማይክሮፎኑ ሲመለስም ያፏጫል። ሙዚቀኞች ኢን ኢር የሚሉት ትንሽ ማዳመጫ ይህን ችግር ይፈታል፤ የጆሮን ቀዳዳ ዘግቶ የውጭውን ጩኸት ያስቀርና ድምፃዊው መስማት የሚፈልገውን ብቻ ዝግ ባለ ድምፅ ያሰማዋል። አሜሪካዊው የድምፅ ባለሙያ ጄሪ ሃርቪ ለቫን ሄለን ባንድ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አልቲሜት ኢርስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ሰው ጆሮ ልክ የሚሠራው ዓይነት በታላላቅ መድረኮች የተለመደ ሆኗል። ዋጋው ግን በብዙ መቶ ዶላር የሚቆጠር ነው፣ ጥሩ ጥሩው ከሺህ ዶላርም ይበልጣል። ደብረ ብርሃን ላለ የሠርግ ባንድ ወይም አንኮበር ላለ የዝማሬ ቡድን ይህ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ስልክና ሬዲዮ ፈቶ መግጠም የሚችል እጅ ያለው ወጣት፣ ጥቃቅኑን ስፒከርና ገመዱን ከውጭ አስመጥቼ ቀሪውን ራሴ ብሠራውስ ብሎ ቢያስብ ትክክል ነው። የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚያ ቀሪው ነው፤ ስፒከሮቹን ስለሚይዘውና ጆሮ ውስጥ ስለሚገባው ቀፎ።

ቀፎ ለመሥራት በዋናነት የሚያገለግሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አክሪሊክ ነው፤ የጥርስ ሐኪሞች የሰው ሠራሽ ጥርስን ድድ አስመስለው የሚሠሩበት፣ ከዱቄትና ከፈሳሽ የሚቦካው ጠንካራ ፕላስቲክ። ሁለተኛው በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽ ሬዚን ሲሆን፣ ሦስተኛው ለስላሳው ሲሊኮን ነው። ከእነዚህ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ድምፅ ይሄዳል፤ የትኛው ያምራል፣ የትኛው ይጠራል፣ የትኛው ቤዝ ያወጣል ይላል። የእኔ መልስ ሌላ ነው። በምትሠሩበት ክፍል፣ በምትኖሩበት ከፍታና ብርድ ውስጥ፣ ሙሉ በሙሉ መጠንከሩን ልታረጋግጡ የምትችሉትን ምረጡ። የድምፁ ነገር ከዚያ በኋላ እንኳ በቀፎው ቁስ አይወሰንም።

ለዚህ ማስረጃው በድምፅ ባሕርይ ውስጥ አለ። ድምፅ ከአየር ተነሥቶ ጠጣር ነገርን ሲመታ አብዛኛው ነጥሮ ይመለሳል። አየር ድምፅን የሚቋቋምበት መጠን በአንድ መለኪያ 400 ገደማ ቢሆን፣ የአክሪሊክ ከ3 ሚሊዮን ይበልጣል። ስሌቱ ሲሠራ ወደ ቀፎው ግድግዳ ሊገባ የሚችለው የድምፅ ኃይል ከ2,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ አየሩ በሳሳበት በደብረ ብርሃን ከፍታ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መሰንቆን አስቡት። የመሰንቆ ሳጥን በተወጠረ ስስ ቆዳ የተሸፈነው ሆን ተብሎ እንዲንቀጠቀጥ ነው፤ የፈረስ ጭራው ቆዳውን ይገፋዋል፣ ቆዳውም አየሩን ይገፋል፣ የምንሰማው የቆዳውንና የሳጥኑን ድምፅ ነው። ስለዚህ የመሰንቆ ሠሪ ስለ እንጨቱና ስለ ቆዳው ቢጨነቅ ይገባዋል። የኢን ኢር ቀፎ ግን ድምፅ አያመነጭም። ድምፁ ከስፒከሩ ወጥቶ በጥቂት ሚሊሜትር ቱቦ ውስጥ አልፎ በቀጥታ ወደ ጆሮ ታምቡር ይሄዳል፤ ቀፎው የሚጠበቅበት ስፒከሩንና ቱቦውን በቦታቸው ይዞ ዝም ማለት ነው። የቱቦው ርዝመትና ስፋት በአንድ ሚሊሜትር ቢለወጥ ለውጡ በጆሮ ይለያል። ግድግዳው ከአክሪሊክ ወደ ሬዚን ቢለወጥ ግን አይለይም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ታዲያ በዓለም ገበያ ከእንጨት፣ ከታይታኒየም፣ ከናስ የተሠሩ ማዳመጫዎች በውድ የሚሸጡት ለምንድን ነው? የሰሙትስ ሰዎች ልዩነት አለው አይሉም ወይ? ልዩነት መስማታቸውን አልክድም። ነገር ግን እነዚያ ማዳመጫዎች የሚለያዩት በቁሳቸው ብቻ አይደለም፤ በውስጣቸው ያለው ስፒከር፣ ከስፒከሩ በስተኋላ ያለው የአየር ክፍተት መጠን፣ አየር የሚያስተነፍሰው ቀዳዳ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገቡበት ጥልቀትም አብረው ይለያያሉ። በተለይ እንደ ተራ ስፒከር ሸራ ያለው ዓይነት ከተገጠመ የኋላው ክፍተት ቤዙን በእርግጥ ይለውጠዋል። ይህ ግን የክፍተቱ መጠን ጉዳይ ነው፤ ከናስም ይሠራ ከፕላስቲክ፣ ክፍተቱ እኩል ከሆነ ውጤቱ ያው ነው።

ቁሱ በተዘዋዋሪ ድምፅ የሚነካበት አንድ መንገድ ግን አለ፣ እሱን መሸሸግ አይገባም። አሁን በጣታችሁ ጆሯችሁን ደፍናችሁ አፋችሁን ሳትከፍቱ ብታንጎራጉሩ ድምፃችሁ ከበርሜል ውስጥ የወጣ ያህል ይከብዳል። የራስ ድምፅ በአጥንት በኩል ወደ ጆሮው ቀዳዳ ገብቶ መውጫ ስለሚያጣ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ እስከ 20 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል። ይህ ለድምፃዊ ከባድ ችግር ነው። የሚቃለለው ቀፎው ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ አጥንት ወዳለበት የቀዳዳው ክፍል ሲደርስ ነው፤ እዚያ ያለው ቆዳ ደግሞ ስስና ሲነኩት የሚያም ነው። ሲሊኮን ለስላሳ ስለሆነ እዚያ ድረስ ሳያሳምም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ዘፋኝ ሲሊኮንን ቢመርጥ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ግን ምቾትና ጥልቀት ነው።

ድምፁን ከሁሉ በላይ የሚወስነው መግጠሙ ነው። በቀፎውና በጆሮው ቆዳ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ቢኖር ቤዙ ይፈስሳል፤ ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ቤዝ ያጣ ሙዚቀኛ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ድምፁን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው አስተማማኝ ነው የሚለው መጠን በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው፤ በእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ89 ዴሲቤል የሚያዳምጥ ሰው የሳምንት ድርሻውን በ5 ሰዓት ይጨርሳል ማለት ነው፣ አንድ ሠርግ ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። በሚገባ የገጠመ ቀፎ የውጭውን ጩኸት በ20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ስለሚቀንስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መሥራት ያስችላል። ያልገጠመ ቀፎ ግን፣ ቁሱ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ ጆሮ ማደንቆሪያ ነው። መግጠሙ ደግሞ ከጆሮው ልክ ይጀምራል። የጆሮ ቀዳዳ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ርዝመትና ሁለት መታጠፊያዎች አሉት፤ መንጋጋ ሲንቀሳቀስም ቅርጹ ይለወጣል፤ ስለዚህ የዘፋኝ ልክ የሚወሰደው አፉን ከፍቶ ነው። ልክ መውሰጃው ከሁለት ክፍል የሚቀላቀል ሲሊኮን ነው፣ ከመግባቱም በፊት ክር የታሰረበት የጥጥ ወይም የስፖንጅ መከላከያ ከሁለተኛው መታጠፊያ አልፎ ይቀመጣል። መከላከያው ከተዘነጋ ወይም ከጠበበ ቁሱ ታምቡሩ ላይ ሄዶ ይጣበቃል፤ በዚህ ምክንያት ታምቡራቸው ተቀዶ ቁሱ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ይህን ሥራ ለጓደኛ እጅ አትስጡ። የአንገት በላይ ሐኪም ወይም የመስማት ችሎታ ባለሙያ ጆሮውን በመብራት አይቶ፣ ኩኩን አጽድቶ፣ ልኩን ይውሰድ። ከእንግዲህ የምነግራችሁ ሁሉ ይህ ከተፈጸመ በኋላ ያለውን ነው።

ወደ ዋናው ነጥብ ልመለስ፤ መጠንከር። ሬዚንም ሆነ አክሪሊክ ፈሳሽ ሳሉ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ናቸው። ሲጠነክሩ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ፣ ሰንሰለት የሆነው ቆዳን አይጎዳም። ሳይያያዝ የቀረው ግን በላብና በሙቀት እየወጣ ወደ ቆዳ ይገባል፣ አለርጂም ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የብሪታንያ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር ስለ ጥፍር ጄል ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በተለያዩ ክሊኒኮች ከተመረመሩት ታካሚዎች 2.4 በመቶው ለእነዚህ አክሪሊክ ነክ ኬሚካሎች አለርጂ ሆነው ተገኝተዋል። አስከፊው ነገር ይህ አለርጂ አንዴ ከመጣ ዕድሜ ልክ መቆየቱ ነው። ጥርስ የሚሞላበት ቁስ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ በአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚያገለግለው ሲሚንቶ ሁሉ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ በ20 ዓመቱ በማዳመጫ የተያዘ ሰው በ60 ዓመቱ ጥርስ ማስተከል ሊቸገር ይችላል። ለዚህ ነው የመጠንከሩን ጉዳይ ከድምፁ የማስቀድመው።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፣ የቤት ውስጥ ሙቀትም ለብዙ ሰዓት ከ15 ዲግሪ በታች ይሆናል። በዕቃዎቹ ማሸጊያ ላይ የታተመው መመሪያ ግን የተጻፈው በባሕር ወለል አጠገብ ላለ፣ 23 ዲግሪ ለሚሞቅ ክፍል ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ባቄላ በደጋ ለምን ለመብሰል እንደሚዘገይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሙቀት የሚጠነክረው የጥርስ አክሪሊክ ደግሞ በተለመደው አሠራር በ74 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ከቆየ በኋላ መጨረሻ ላይ በሚፈላ 100 ዲግሪ ውሃ አንድ ሰዓት ይቆያል። ያ የመጨረሻው ሰዓት ያልተያያዘውን ፈሳሽ የሚጨርሰው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃው እየተንተከተከ ቢታይም 100 ዲግሪ አልደረሰም፤ ሰዓቱን ቆጥሮ ያወጣ ሰው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል እንጂ አልጨረሰም። መፍትሔ አለው። ሙቀቱን በቴርሞሜትር መለካት፣ በግፊት በሚያበስል ክዳኑ በሚቆለፍ ድስት መጠቀም (ድስቱ ከዚያ በኋላ ለምግብ አይመለስም)፣ ወይም ጊዜውን በብዙ ማርዘም። ክፍል ውስጥ በራሱ የሚጠነክረው አክሪሊክ ምድጃ አይፈልግም፤ ቀላል ስለሚመስል ጀማሪውን ይስባል። ሆኖም በሙቀት ከተሠራው ውስጥ ሳይያያዝ የሚቀረው ፈሳሽ 0.2 እስከ 0.5 በመቶ ሲሆን፣ በራሱ ከጠነከረው ውስጥ ግን ከ3 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል። ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ። ከሁለቱ የትኛውንም ብትመርጡ፣ ያለቀውን ቀፎ ስፒከሩ ሳይገባበት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን መዘፍዘፍ የቀረውን ፈሳሽ ይቀንሳል።

በብርሃን የሚጠነክረው ሬዚን ለብዙዎች የተሻለ ምርጫ ነው፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀፎ ለማውጣት ይመቻልና። ፈሳሹ ከጆሮው ልክ በተሠራ ጥርት ያለ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይሞላል፤ ብርሃኑ በዚያ በኩል አልፎ ዙሪያውን ስስ አድርጎ ያጠነክረዋል፣ መሃል የቀረው ፈሳሽ ይደፋል። ይሁን እንጂ ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው አየር ነው፤ ኦክስጅን የነካው የሬዚን ፊት ብርሃን ቢበዛበትም እንደተጣበቀ ይቀራል። የደብረ ብርሃን አየር ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ቢሳሳም ለዚህ ጥፋት በቂ ኦክስጅን አለው። መድኃኒቱ በየፋርማሲው ይሸጣል፤ ቆዳችንን የምንቀባው ግሊሰሪን። ቀፎው በመስታወት ብርጭቆ ባለ ግሊሰሪን ውስጥ ሰጥሞ መብራቱ ሲበራበት አየር ስለማይነካው ፊቱም ይጠነክራል። ሁለተኛው ወጥመድ ቀለም ነው። ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም ያለው ሬዚን ብርሃኑን ከላይ ስለሚያስቀረው ውስጡ ለጋ ሆኖ ይቀራል። ለመጀመሪያ ሥራ ጥርት ያለውን እመርጣለሁ፤ በውስጡ የቀረ ፈሳሽ፣ የተሰነጠቀ ቦታ፣ የገባ ላብ ወይም ኩክ ሁሉ ከውጭ ይታያል። ለመብራቱ የውበት ሳሎኖች የጥፍር ጄል የሚያደርቁበት ሳጥን ጥሩ ነው። ፀሐይስ? በከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ስለሚጨምር የደጋ ፀሐይ ሬዚንን በእርግጥ ታጠነክራለች። ነገር ግን ደመና ሲመጣ ትቀንሳለች፣ አንድ ወገን ብቻ ትመታለች፣ በአንኮበር ገደል አፋፍ ጉሙ ሲወጣ ደግሞ ጭራሽ ትጠፋለች። መለካት የማይቻል ነገር ላይ የጆሮን ጤና ማስያዝ አይገባም። ጠረጴዛው በመስኮት አጠገብ ከሆነ ደግሞ ያው ፀሐይ ገና ያልተቀዳውን ሬዚን ታበላሻለች።

ሲሊኮን በዚህ በኩል የዋህ ነው፤ በሕክምና ደረጃ የተሠራው ከጠነከረ ቆዳን ብዙም አያስቆጣም። ብርድ ግን ያዘገየዋል፤ በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የመጠንከሪያው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ሌላም ጠላት አለው። በፕላቲነም የሚጠነክረው ጥሩው ዓይነት ድኝ ሲነካው መጠንከሩን ያቆማል፣ ተራው የላቴክስ ጓንት ደግሞ ድኝ አለበት። ሠሪው ለጥንቃቄ ብሎ ላቴክስ ጓንት አድርጎ ሲያቦካው ፊቱ እንደ ሙጫ ሆኖ ይቀርበታል፤ ምክንያቱንም አያውቅም። ናይትሪል ወይም ቪኒል ጓንት ይጠቀም። ከዚያ በኋላ ያለው ችግር የጥገና ነው፤ ሲሊኮን ላይ ማጣበቂያ አይዝም፣ የገመዱ መሰኪያ ቶሎ ይላቀቃል፣ ስፒከሩ ቢበላሽ ቀፎውን ቀድዶ እንደ አዲስ መሥራት ይመጣል። መለዋወጫ ከሩቅ በሚመጣበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ለመሣሪያ ተጫዋች ጠንካራውን፣ አፉን እየከፈተ ለሚዘፍን ደግሞ፣ ጠንካራው ተሞክሮ እየፈሰሰ ካስቸገረው፣ ሲሊኮኑን እመክራለሁ።

«የሕክምናው ቁስ ውድ ነው፣ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ኤፖክሲ አለ፣ የመስኮት ሲሊኮን አለ፣ ከሳሎን የጥፍር ጄል አለ፤ ሁሉም ይጠነክራሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። የዋጋው ነገር እውነት ነው፤ ችግሩንም አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን የመስኮት ሲሊኮን ሲደርቅ የሚሸተው ኮምጣጤ መሳይ ሽታ አሲድ ነው። የኤፖክሲ ማጠንከሪያ በሠራተኞች እጅ ላይ አለርጂ በማስነሣት የታወቀ ነው። የጥፍር ጄል የተሠራው ሕይወት ለሌለው ጥፍር እንጂ ለሰዓታት ላብ ውስጥ ለሚቀመጥ ስስ ቆዳ አይደለም። ለጆሮ ወይም ለአፍ ተብሎ የተሠራ ቁስ አይኤስኦ 10993 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መፈተኑ በማሸጊያው ወይም በመረጃ ወረቀቱ ላይ ይገኛል፤ እሱን ጠይቁ። ደግሞም ለሁለት ቀፎ የሚያስፈልገው ጥቂት ሚሊሊትር ነው። አንድ ጠርሙስ ሬዚን ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ሦስት አራት ሙዚቀኞች ተባብረው ቢገዙ፣ ወይም ሥራውን በየዕለቱ ለሚያውቀው የጥርስ ላቦራቶሪ ባለሙያ ልኩን ሰጥተው በአክሪሊክ ቢያሠሩ፣ ወጪው ከስፒከሮቹ ዋጋ ያንሳል። የጥርስ ላቦራቶሪው ሰው ስለ ድምፅ ባያውቅም ከሁሉ የሚከብደውን ክፍል፣ አጠንክሮ መጨረስን፣ ያውቃል።

ስፒከሩ ከመግባቱ በፊት ፈተናው ይኸው ነው። ቀፎውን በጥፍር ሲጫኑት አይሰረጎድም፣ በጣት ሲዳስሱት አይጣበቅም፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አድሮ ሲሸተት አይሸትም። ከዚያ ባዶው ቀፎ ጆሮ ውስጥ ይሞከራል፤ በመጀመሪያው ቀን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥ፣ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ጆሮው ታይቶ ይጨመር፤ የዚህ አለርጂ ምልክት ቀን ቆይቶ ሊወጣ ይችላልና። አልኮል አክሪሊክን ስለሚያሰነጥቅ የየዕለቱ ጽዳት በደረቅ ጨርቅ ወይም በጥቂት ሳሙናማ ውሃ ይሁን። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል የምትወርዱ ከሆነ ቀፎውን አውጡት፤ የአየሩ ግፊት ሲጨምር የተዘጋ ጆሮ ያማል። ማሳከክ፣ መቅላት ወይም ውሃ መቋጠር ከታየ ቀፎው ወዲያው ይውጣ፣ ሐኪም ሳያየውም ዳግም አይግባ። ስፒከሮቹ ገና ስላልተገጠሙ ለሚቀጥለው ቀፎ ይቀመጣሉ።